የደብሩ ዐፀድና የወይራው ወራሽ

በደቡብ ጎንደር ከፍ ካለ ሥፍራ ቆሞ አገሩን የሚመለከት ሰው፣ እስከ አድማስ የታረሰውን መሬትና የግጦሹን ሜዳ ካየ በኋላ፣ እንደ ደሴት ተነጥሎ የቆመ ጥቅጥቅ ያለ ደን ዐልፎ ዐልፎ ዐይኑን ይስበዋል። ጠጋ ብሎ ቢመረምር በመካከሉ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ያገኛል። ጽዱና ወይራው፣ ዝግባውና ዋንዛው ከአካባቢው ሲጠፋ በዚያ ሊቀር የቻለው አባቶቻችን ዐፀዱን እንደ ታቦቱ ልብስ ቈጥረው ስላከበሩት ነው።

የደን ሊቅ የሆኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዚሁ አውራጃ የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ዐፀድ ተዘዋውረው መርምረው 168 ዐይነት ዕፀዋት አግኝተዋል፤ ከነዚህም 100ው ዛፍ፣ 51ዱ ቍጥቋጦ፣ 17ቱ ሐረግ ነው። ይህ ሀብት ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፣ በብዙ ሥፍራ ሽማግሌው ዛፍ ቆሞ ሳለ የሚተካው ችግኝ መታጣቱ እጅግ ያሠጋል። ከብቱ ገብቶ ቡቃያውን ይበላዋል፤ የተረፈውንም ይረግጠዋል። ከዚህም የሚከፋው፣ የአብዛኞቹ ታላላቅ ዛፎች ዘር እንደ አረም ዘር በአፈር ውስጥ ተደብቆ ዘመን የማይቈይ መሆኑ ነው። ስለዚህ እናቲቱ ዛፍ ከወደቀች መሬቱ በራሱ ሌላ አያበቅልም።

ሊቁ ከፊሉን ሥፍራ አጥረው ቢፈትኑት ከብት ያልደረሰበት ችግኝ በተሻለ ሁኔታ አደገ። ከአሜሪካዊቱ የዛፍ ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ካህናቱን ሰብስበው፣ ከሰማይ የተነሣውን የየደብራቸውን ሥዕል ባሳዩአቸው ጊዜ፣ ካህናቱ ደኑ ምን ያህል እንደ ተመናመነ በዐይናቸው አዩ። ከዚያም ምእመናኑ ለእርሻ ዕንቅፋት የነበረውን ድንጋይ ከማሳቸው እየለቀሙ በደኑ ዙሪያ ካቡት። ገበሬው ማሳው ጸዳለት፤ ደኑም ቅጥር አገኘ። በእኛ አስተያየት ከዚህ የሚበልጥ ብልኀት የለም።

ስለ ባሕር ዛፍ ግን ጥቂት እንናገር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ቶሎ አድጎ ስለሚሸጥ፣ ጣራው ለሚያፈስ ደብር ገቢ ነው፤ ስለዚህ የተከሉትን ካህናት ልንነቅፍ አንደፍርም። ነገር ግን ሥፍራው ከካቡ ውጭ፣ በተለየ መሬት ላይ ቢሆን ይሻላል። በየጊዜው የሚበዛው የሲሚንቶ መቃብርም የዐፀዱን ቦታ እየወሰደ መሆኑን ባለ ሐውልቶቹ ያስቡበት።

የአገሩን ዛፍ ለመትከል የሚሻ ሰበካ ዘሩን ከራሱ ዐፀድ ይልቀም። ዋንዛ ከሌሎቹ ፈጠን ብሎ ያድጋል፤ ማኅሌቱን የሚያደምቀው ከበሮም ከእርሱ ይጠረባል። ወይራ ዝግተኛ ነው፤ እመቤቶች የወተቱን ዕቃ የሚያጥኑበት ስለ ሆነ ግን ጥቅሙን ማስረዳት አያሻንም። ችግኙ በክረምት መግቢያ ይተከል፤ በመጀመሪያው በጋ ውኃ እንዳይጓደልበት የአብነት ተማሪዎች በተራ ቢያጠጡት መልካም ነው። ካቡ ካለቀ በኋላ የሚቀረው የበሩ ነገር ነው፤ በንግሥ ቀን ሲከፈት ከብት ሕዝቡን ተከትሎ እንዳይገባ ሰበካ ጉባኤው ጠባቂ አስቀድሞ ይመድብ።