ሮቤ ላይ የጃፓን ክበብ

የጃፓን ባህል ክበብ ምን እንደሚሠራ ግልጽ ነው፤ ተማሪዎች ከክፍል ውጭ ተሰብስበው ቋንቋውን ይለማመዳሉ፣ ፊልም ያያሉ፣ ስለ ትምህርት ዕድል ይጠያየቃሉ፣ ጃፓን ተምረው ከተመለሱት ጋር ይተዋወቃሉ። የሚያስቆጨው ይህን ስብስብ አኒሜ ያመጣው የልጆች ፋሽን አድርጎ መናቁ ነው። ጃፓንን ማጥናት ለእኛ አዲስ አይደለም። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲያረቁ ዋና አርአያቸው እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣው የሜጂ ሕገ መንግሥት ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ፤ ከበደ ሚካኤልም በ1946 «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች»ን አሳተሙ። የእነዚህን ሰዎች መጽሐፍ ገልጦ ሳያይ «ስኮላርሺፑ መቼ ይወጣል?» ብቻ የሚል የክበብ አባል ትንሽ ሊታዘንበት ይገባል።

«ታዲያ እነሱስ ምን አተረፉ?» የሚል አይጠፋም፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሕገ መንግሥት መቅዳት ይቻላል፤ ከሥሩ ያለውን ግን በአዋጅ ማምጣት አይቻልም። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1868 ለውጡን ስትጀምር ቴራኮያ የሚባሉት የሰፈር ትምህርት ቤቶች እጅግ ብዙ ተራ ሰው ማንበብና መጻፍ አስተምረው ነበር፤ እ.ኤ.አ. የ1872ቱ የትምህርት ሕግ ያረፈው በዚያ ላይ ነው። ከላይ የታየው ከታች ተሠርቶ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የተጀመሩት የጃፓን ፋብሪካዎች የጥራት ክበቦችም እንዲሁ ናቸው፤ አንድ ሥራ ላይ የተሰማሩ ጥቂት ሠራተኞች ተቀምጠው አንድን ብልሽት እስከ መነሻው ይከታተላሉ። ካይዘን የሚባለውን ይህን መሰል የማያቋርጥ የሥራ ማሻሻያ እኛም በ30 ገደማ ፋብሪካዎች ሞክረን በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት አቋቁመንለታል። መፈክሩን ግድግዳ ላይ ለጥፎ መርሳት ግን ካይዘን አይባልም፤ ብዙ መሥሪያ ቤት የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ይህን ወደ ሮቤ እናምጣው። መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢው ሮቤ፣ ሪፈራል ሆስፒታሉ ጎባ ነው፤ ዙሪያው የሲናና ስንዴ ነው። እዚህ አምስት ተማሪዎች ተሰብስበው «ኮምባይነር ካለፈ በኋላ ማሳው ላይ ስንት ስንዴ ይቀራል?» ብለው ቢነሱ ክበቡ ሥራ ጀመረ ማለት ነው። አንድ ካሬ ሜትር ከልለው የወደቀውን ፍሬ ለቅመው ይመዝናሉ፤ ከዚያ የአንድን ችግር መንስኤዎች የሚዘረዝረውን የኢሺካዋን የዓሣ አጥንት ሥዕል ሥለው በአንዱ አጥንት የማሽኑን ፍጥነት፣ በሌላው የአጨዳውን ቀን፣ በሌላው የእህሉን እርጥበት ያሰፍራሉ። ፊልሙ ማታ ይደርሳል። የጃፓን ኤምባሲውም ግንኙነቱም አዲስ አበባ ነው የሚለው ቅሬታ እውነት አለው፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው ለአፍሪካ ወጣቶች የተዘጋጀው የጃፓን ፕሮግራም ማስተርስን ከኩባንያ ልምምድ ጋር ያጣመረ ነው። ለዚያ የሚያመለክት ልጅ በእጁ መዝኖ የመዘገበው የሲናና ስንዴ ካለው፣ ከዋና ከተማው እኩያው የተሻለ የሚያወራው ይኖረዋል።