ምን ደርሷል? ብሎ መጀመር

በብዙዎቻችን ቤት ወጡ የሚወሰነው ገበያ ሳይወጣ ነው። ዛሬ ሽሮ፣ ነገ ምስር፣ ከነገ ወዲያ ድንች በካሮት ይባልና ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ዋጋው ቢንርም ባይንርም ይገዛል። እኔ የምሟገተው ለተቃራኒው ነው። መጀመሪያ በአቅራቢያችን ካለው ማሳ ምን እንደደረሰ እንይ፤ ወጡን ከዚያ እንወስን፤ ማብሰሉንም ቤተሰቡ በሙሉ ይካፈለው። ይህን የምለው የድሮ ነገር ናፍቆኝ አይደለም። ጣዕሙም፣ ጤናውም፣ ኪሳችንም የሚጠቀሙት በዚህ መንገድ ስለሆነ ነው።

ከጣዕሙ ልጀምር። የበቆሎ እሸት ከአገዳው ከተለየበት ሰዓት ጀምሮ በውስጡ ያለው ስኳር ወደ ስታርች መለወጥ ይጀምራል፤ ሙቀት ደግሞ ለውጡን ያፋጥነዋል። ጠዋት ተቆርጦ ማታ የተቀቀለው የሚጣፍጠው፣ በጭነት መኪናና በመጋዘን ቀናት ያሳለፈው ግን ዱቄት ዱቄት የሚለው ለዚህ ነው። ጎመንም እንዲሁ ነው። ቫይታሚን ሲው ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ በየቀኑ ይቀንሳል፤ ብዙ ውኃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቀቅለን ውኃውን ስንደፋው ደግሞ ከቀረውም ብዙው አብሮ ይሄዳል። ይህ ቫይታሚን በጤፍና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን እንዲወስድ ያግዛል። ስለዚህ አንጓው ሲሰበር ቀጭ የሚል፣ የተቆረጠበት ጫፍ ገና ያልደረቀ ጎመን ገዝቶ፣ በጥቂት ውኃ ቶሎ አብስሎ፣ ከጥሬ ቃሪያ ጋር በእንጀራ መብላት ርካሽና የተሟላ ማዕድ ነው።

ወቅቱን መከተል ምግባችንን ያደኽየዋል የሚሉ አሉ። እውነታው ግን የሚያሳየው ሌላ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ሲጾም የበቆሎ እሸት መድረስ ይጀምራል። በመስከረምና በጥቅምት የባቄላና የአተር እሸት ይመጣል፤ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባም የሽምብራ እሸት ተከትሎ ይደርሳል። የጾም ምግብ ሰለቸን የሚል ቤተሰብ፣ የባቄላ እሸት በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ አልጫ ተደርጎ ቢቀርብለት፣ የሰለቸው ጾሙ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ያልተለወጠው ድስት እንደሆነ ይገነዘባል። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ቅርቡም ብዙ ነው፦ ድንችና ጎመን ከሆለታ በኩል፣ ወተት ከሱሉልታና ከሰላሌ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ከመቂና ከባቱ፣ ጤፍ ከአድአ ይመጣል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን የጊዜ ጉዳይ ነው። እሸት መፈልፈል፣ ጎመን መልቀም፣ ወተት ማፍላት ሥራ ነው፤ በብዙ ቤትም ይህ ሥራ የሚጫነው በእናት ወይም በሠራተኛዋ ላይ ነው። ለሌላ ሰው ድካም ጨምሮ ስለ ጤናማ ምግብ መስበክ ተገቢ አይደለም። ቤተሰቡ በሙሉ ይካፈል ያልኩትም ለዚህ ነው። አባት ጎመን መክተፍ ይችላል፤ የ5 ዓመት ልጅም ባቄላ ይፈለፍላል። ይህ ለልጁም ይጠቅመዋል። የሕፃናት አመጋገብ ባለሙያዎች እንደሚሉት አንድ ልጅ አዲስ ምግብ እስኪለምድ ድረስ ከ8 እስከ 10 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። ልጁ በእጁ የፈለፈለውን ያለ ቁጣና ያለ ልምምጥ ወደ አፉ ያደርሰዋል። ሥራውን ማንም ሊካፈል ካልፈለገ ደግሞ ድስቱ ቀለል ይበል፤ ንፍሮም ማዕድ ነው።

ሌላው ስጋት ደህንነት ነው፤ ይህም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በተበከለው የአቃቂ ወንዝ የሚለማ አትክልት ከባድ ብረቶች ሊኖሩት እንደሚችል በጥናት ታይቷል፤ እነዚህ ደግሞ በቅጠሉ ውስጥ ስለሚገቡ በማጠብ አይወገዱም። የቅርብ ምርት ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አልችልም። ነገር ግን መድኃኒቱ ሻጩን «ከየት ነው? በምን ውኃ ነው የለማው?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ይህ ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ደግሞ አምራቹ ቅርብ ሲሆን ነው። በብዙ ሰው እጅ ካለፈ በኋላ የደረሰንን አትክልት ምንጩን የሚነግረን የለም። ጥሬ ወተትንም ከታወቀ ገበሬ ብንገዛው እንኳ ሳናፈላ መጠጣት የለብንም።

ዋጋን በተመለከተ፣ ብዙ ምርት በደረሰበት ሰሞን መግዛት አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል፤ በየአካባቢው የሚቆመው የእሁድ ገበያም በገበሬውና በሸማቹ መካከል ያሉትን እጆች ለመቀነስ የታሰበ ነው። ዘይትና ጨው ከሩቅ መምጣታቸው፣ ሽሮና ምስር ዓመቱን ሙሉ ከጓዳ መውጣታቸው ይቀጥላል፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ መለወጥ አያስፈልግም። በሳምንት አንድ ወጥ ብቻ ገበያው እንዲወስነው ፍቀዱ። በዚያ ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ የደረሰውን ግዙ፣ ከየት እንደመጣ ጠይቁ፣ አብራችሁ አብስሉ። ትኩስ ነገር የለመደ ቤተሰብ የቆየውን ራሱ ይመልሳል፤ ገበሬውም ንጹሕና ትኩስ ይዞ ለመምጣት ምክንያት ያገኛል።