የአባባ ተስፋዬ ተረትና የአድማጩ ትዝታ

በልጅነታቸው የአባባ ተስፋዬን ተረት በቴሌቪዥን የተከታተሉ ሰዎች ዛሬ ጎልምሰው ዝግጅቱን ሲያነሡ ድምፃቸው ሳይቀር ይለወጣል። ከተረቶቹ አንዱን ከመነሻው እስከ መድረሻው ተርኩ ቢባሉ ግን ብዙውን ጊዜ ይቸገራሉ። የተረሳው ታሪኩ፣ ያልተረሳው ደግሞ አተራረኩ ከሆነ፣ ትዝታው የምን ትዝታ ነው? የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ ከሥነ ቃል ጥናት አንጻር መልስ መፈለግ ነው።

አባባ ተስፋዬ የሚባሉት ተስፋዬ ሳህሉ ከቴአትር መድረክ የመጡ ከያኒ ነበሩ። ሴቶች መድረክ ላይ በማይወጡበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርያትን ወክለው ተጫውተዋል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ፣ ለ42 ዓመታት ያህል፣ ለልጆች ተረት ሲያቀርቡ ቆይተዋል፤ ያረፉት በ2009 ዓ.ም. ነው። ዝግጅቱ የዘውዱን፣ የደርግንና የኢሕአዴግን ዘመናት አይቷል። ስለሆነም በሌላ ጉዳይ ሁሉ የማይስማሙ ትውልዶች በአንድ የልጆች ሰላምታ ላይ ሲገናኙ እናያለን።

በቅድሚያ ቃሉን እንመርምር። «አስታወስኩት» ስንል የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አስታዋሹ ነው፤ ሰውዬው ፈልጎ ያመጣዋል። «ትዝ አለኝ» ስንል ግን ባለቤቱ የታወሰው ነገር ሲሆን ሰውዬው ተቀባይ ብቻ ነው። ትውስታን እንጠራዋለን፤ ትዝታ ግን ሳይጠራ ይመጣል። ሳይጠራ የሚመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይዘት ሳይሆን ቅርጽ ነው፤ የድምፅ ቃና፣ ተደጋግሞ የተሰማ አነጋገር፣ የሰላምታ አሰጣጥ። ታሪኩ ተረስቶ አተራረኩ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ተረት በባሕርዩ ውል ያለው ክዋኔ መሆኑ ነው። በባህላዊው አተራረክ ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል አድማጮቹ «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ፤ መልሱ የመስማት ፈቃዳቸው ማረጋገጫ ነው። በመጨረሻም ተራኪው ተረቱን እንዲመልሱለት፣ አፉንም በዳቦ እንዲያብሱለት ይጠይቃል። ከዚህ የምንረዳው አድማጭ ባለዕዳ መሆኑን ነው፤ የሰማውን በተራው መተረክ ይጠበቅበታል።

ቴሌቪዥን ይህን ውል ከሁለት ይከፍለዋል። ተራኪው ስቱዲዮ ውስጥ ነው፤ የልጆቹን መልስ አይሰማም፤ ዓይናቸውንም አያይም። አባባ ተስፋዬ ክፍተቱን የሞሉት በአጠራር ነው። «ልጆች» እያሉ በብዙ ቁጥር ስለሚያነጋግሩ፣ ብቻውን የተቀመጠ ሕፃን እንኳ ራሱን ከብዙዎች እንደ አንዱ ይቆጥራል። «አባባ» የሚለው መጠሪያም የቤተ ዘመድ ቃል በመሆኑ የማያውቁትን ሰው በቤት ውስጥ ትልቅ ሰው አድርጎ ያስቀምጠዋል። ቴሌቪዥን በጥቂት ቤቶች ብቻ በነበረበት ጊዜ ደግሞ የሰፈሩ ልጆች ቴሌቪዥን ካለው ጎረቤት ቤት ይሰበሰቡ ነበር። በመሣሪያው የተበተነው የምድጃ ዳር ጉባኤ በጎረቤት ሳሎን ምንጣፍ ላይ እንደገና ተሰበሰበ ማለት ነው። ብዙዎች የሚናፍቁትም፣ በእኛ አስተያየት፣ ይህንን አብሮ አድማጭነት ነው።

የማደግ ጉዳይም በሰላምታው ውስጥ አለ። አባባ ተስፋዬ ልጆችን የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ዘይቤው ሕፃኑን በሁለት ጊዜያት ያቆመዋል፤ አበባ የሆነው ዛሬ ያዳምጣል፣ ፍሬ የሚሆነው ነገ ይጠበቃል። ጎልማሳው ያንን ሰላምታ ሲያስታውስ «ነገ» የተባለው ቀን ደርሶ አልፎ ያገኘዋል። ትዝታውን የሚያከብደው፣ አበባው ስለረገፈ ብቻ ሳይሆን ፍሬው እንደተባለው ስለመሆኑ ጥያቄ ስለሚያነሣበትም ጭምር ነው።

ይሁን እንጂ ትዝታ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ልጅ የነበረ የአዲስ አበባ ሰው የቀይ ሽብርንም ዘመን አሳልፏል፤ በትዝታው ውስጥ ግን ተረቱና ጎዳናው ብዙ ጊዜ ለየብቻ ይቀመጣሉ። እንዲሁም ይህ ትዝታ በአብዛኛው የከተማ፣ መብራትና ቴሌቪዥን ያገኘ፣ አማርኛ የሚሰማ ልጅ ትዝታ ነው። በዚያው ዘመን በገጠር በእሳት ዙሪያ ከአያቱ ተረት የሰማ ልጅ ሌላ ትዝታ አለው። «የሁላችንም ልጅነት» የሚለውን አባባል ተመራማሪው ሳይመረምር ሊቀበለው አይገባም።

በአጠቃላይ፣ የአባባ ተስፋዬ ዝግጅት ትዝታ ተረቱ የተወው አሻራ ብቻ ሳይሆን ያልተከፈለ የአድማጭ ዕዳም ነው። ለቴሌቪዥን መስተዋት ተረት መመለስ አይቻልም፤ አፉም በዳቦ አይታበስም። ስለዚህ የመስክ ሥራ የሚወጡ ተማሪዎች የተረቶቹን ይዘት ከመሰብሰብ ጎን ለጎን፣ ተረቱን ማን ከማን ጋር፣ በማን ቤት፣ ምን እየመለሰ እንደሰማ ቢጠይቁ የአድማጩን ድርሻ ሊመዘግቡ ይችላሉ። ይህ ሥራ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። በ1957 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ «አበባዎች» የነበሩት ልጆች ዛሬ አያቶች ሆነዋል። ተረቱን ለልጅ ልጆቻቸው የመለሱትም ሆነ ሳይመልሱ የቀሩት የሚነግሩን ነገር አላቸው።