ኮርስ አውትላይንና የተማሪው መብት

ሴሚስተሩ ሲጀመር መምህሩ ሁለት ሦስት ገጽ ወረቀት ለክፍል ተጠሪው ይሰጣል፤ ወይም በቴሌግራም ይልካል። ብዙው ተማሪ ገረፍ ገረፍ አድርጎ ያልፈውና የሚያስታውሰው የፋይናል ሰሞን ነው። ለመብቱ ግን ከዚህ ወረቀት፣ ከኮርስ አውትላይን፣ የሚቀርብ ሰነድ በእጁ የለም።

በውስጡ የኮርሱ ኮድ፣ የየሳምንቱ ርእስ፣ የሚነበቡት መጻሕፍት፣ የመምህሩ ቢሮና ተማሪ የሚያነጋግርበት ሰዓት ይሰፍራሉ። ክሬዲቱም ትርጉም አለው። በኢሲቲኤስ (በአውሮፓው የክሬዲት ሥርዓት) ስሌት 1 ነጥብ ከ25 እስከ 30 ሰዓት የተማሪ ሥራ ማለት ነው። ስለዚህ 5 ነጥብ ያለው ኮርስ ቢያንስ 125 ሰዓት ይጠይቃል፤ የክፍሉም፣ የቤተ መጻሕፍቱም፣ የአሳይንመንቱም ጊዜ ተደምሮ።

ዋናው ነገር ያለው ምዘናው ላይ ነው። አውትላይኑ ኩዊዝ 10፣ አሳይንመንት 15፣ ሚድ 25፣ ፋይናል 50 ይላል እንበል። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል መምህሩ «ሚድ ስላልፈተንኩ ፋይናሉ ከ75 ይሁን» ቢል፣ የዚያን ዕለት ወባ የያዘው ተማሪ የአራት ወር ልፋቱ በአንድ ጠዋት ይወሰናል። ተከታታይ ምዘና የመጣው ይህን ለማስቀረት ነው፤ ተማሪው ድክመቱን ገና በጊዜ አውቆ እንዲያርም። የታረመው ወረቀት ከፋይናል በፊት ካልተመለሰለት ግን ምዘናው ተከታታይ መባሉ ከስም አያልፍም። መቶና ከዚያ በላይ ተማሪ የሚያርም መምህር ጫናው እንደሚከብደው ይገባኛል። ቢሆንም የውጤት ክፍፍሉ ተማሪው ሳያውቅ መለወጥ የለበትም። በጽሑፍ የሰፈረ ክፍፍል መምህሩንም «አድልቷል» ከሚል ክስ ይጠብቀዋል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አውትላይኑን አጥብቆ ለመያዝ ሌላ ምክንያት ተጨምሯል። ተመራቂዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፤ ክፍል ውስጥ ያልተሸፈነ ምዕራፍ ቢኖር ዕዳው የሚወድቀው ተፈታኙ ላይ ነው።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የተማሪዎችን መብትና ግዴታ በጥቅሉ ይደነግጋል። የፈተና፣ የግሬድና የቅሬታ ዝርዝር የሚገኘው ግን በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ውስጥ ስለሆነ ከተቋም ተቋም ይለያያል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ግሬዱ ያልተዋጠለት ተማሪ መጀመሪያ መምህሩን ያነጋግራል፤ ካልተግባቡ ለዲፓርትመንቱ በጽሑፍ ያመለክታል። የማመልከቻው ቀን የተወሰነ ስለሆነ ያሳለፈው እውነት ቢኖረውም ላይሰማ ይችላል። «ቂም ይያዝብኛል» ብሎ ዝም የሚለው ብዙ ነው፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። ጉዳዩ የክፍሉ ሁሉ ከሆነ በተጠሪው በኩል ማቅረብ ይሻላል።

አውትላይን ያልደረሳችሁ ተማሪዎች የሚድ ሰሞንን አትጠብቁ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠይቁ። ሲሰጣችሁም ከተመለሱላችሁ የፈተና ወረቀቶች ጋር ግሬዳችሁ እስኪጸድቅ ድረስ አስቀምጡት።