«ሴት አለቃ ታካብዳለች» ለሚሉ

በአርባ ምንጭ ሲቀላ ባንኮችና ቢሮዎች የምትሠሩ ተከታዮቼ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ፦ «ሴት ኃላፊ ታካብዳለች፣ ቂም ትይዛለች ይባላል፤ እውነት ነው?» የሰው ሀብት ባለሙያ ነኝና በግልጽ ልመልስ፤ ጥናቶች ይህን አይደግፉም።

1. የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ አሊስ ኢግሊና ባልደረቦቿ በ2003 እ.ኤ.አ. 45 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረዋል። ሴት ኃላፊዎች ሠራተኛን በማብቃትና ለጥሩ ሥራ እውቅና በመስጠት ከወንዶቹ በጥቂቱ በልጠው ተገኙ። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ማጋነን አይገባም።

2. በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ 95 ጥናቶችን ያሰባሰበ ነው። ኃላፊዎች ራሳቸውን ሲመዝኑ ወንዶቹ ለራሳቸው ከፍ ያለ ነጥብ ሰጡ። ሌሎች ሲመዝኗቸው ግን ብልጫው የሴቶቹ ሆነ። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ በራስና በሌሎች ምዘና መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ እኛ ዘንድ ለሹመት ውድድር ሲቀርብ ስለ ራሱ ደፍሮ የሚናገር ይቀናዋልና።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? ከምንመዝንበት ሚዛን ነው። ወንድ ኃላፊ አርፋጅ ሲቆጣ «ቆራጥ» እንለዋለን፤ ሴት ስትቆጣ «ነገረኛ» ትባላለች፣ ለስለስ ስትል ደግሞ «አትችልም»። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ግማሽ ያህሉ ሴቶች ሲሆኑም ከሥራ ልምዳቸው ይልቅ ፆታቸው ነበር መነጋገሪያ የሆነው።

ሴት ኃላፊያችሁን ስትገመግሙ የሠራችውን ጻፉና ስሟን በወንድ ስም ለውጣችሁ አንብቡት። ነጥባችሁ ከተቀየረ የመዘናችሁት ሥራዋን አይደለም።

ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ የመሥሪያ ቤታችሁንና የኃላፊያችሁን ስም ግን አትጥቀሱ።