ሲአርፒ፦ ሁለተኛው ደም ለምን ይወሰዳል?

ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ኢንፌክሽን ይዞት ትኩሳት ላይኖረው ይችላል። መጥባት ይተዋል፣ ይዝላል፣ ትንፋሹ ቆረጥ ቆረጥ ይላል፤ ብዙ ጊዜም ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። ኮምቦልቻ ተወልዶ ሪፈር የተጻፈለት ጨቅላ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲገባ ቀዝቅዞ ቢገኝ፣ የደጋው ብርድ ይሁን ኢንፌክሽን በዓይን አይለይም። ሐኪም ክፉውን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ ሆስፒታሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት፣ ያለ ቀናቸው ተወልደው በጽኑ ሕክምና ክፍል ሳሉ ከሞቱት ጨቅላዎች 30 በመቶ ያህሉ የሞቱት በኢንፌክሽን ነው።

ቁርጡን የሚናገረው በደሙ ውስጥ ባክቴሪያ ካለ አብቅሎ የሚያሳየው የደም ካልቸር ነው፤ ግን ሁለት ሦስት ቀን ያስጠብቃል፣ 1 ሚሊ ሊትር ያህል ደምም ይፈልጋል። አንድ ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ያለው ደም በጠቅላላው ከ100 ሚሊ ሊትር እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ ካልቸሩ ተልኮ አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን የተባሉ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ወዲያው ይጀመራሉ። ጭንቁ መድኃኒቱ መቼ ይቁም የሚለው ነው።

ሲአርፒ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ሰውነት ሲቆጣ ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1930 ኒውዮርክ ውስጥ በሳንባ ምች ሕመምተኞች ደም ላይ ተገኘ። ኢንፌክሽን ከጀመረ በኋላ ከፍ ለማለት ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይወስድበታል፤ ጣሪያ የሚነካው ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ውስጥ ነው። እንግዲህ ሕፃኑ እንደታመመ የተወሰደ ደም «ዝቅተኛ ነው» ቢባል መዘናጋት አያሻም፤ ያለ ቀኑ በተወለደ ሕፃን ጭማሪው ጭራሽ ደካማ ነው። ከፍ ማለቱም ብቻውን አይፈርድም፤ አስቸጋሪ ምጥም ከፍ ያደርገዋል። ፕሮካልሲቶኒን የተባለው ሌላው ምልክት ይፈጥናል፤ ነገር ግን በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በጤነኛውም ላይ ይጨምራል።

በ24 ሰዓት ልዩነት የተለኩ ሁለት ውጤቶች በሊትር ከ10 ሚሊ ግራም በታች ከሆኑ፣ ካልቸሩ ላይ ባክቴሪያ ካልበቀለ፣ ሕፃኑም ከበረታ፣ መድኃኒቱን ማቆም ይቻላል። በእኔ ግምት የሲአርፒ ትልቁ ውለታ ይኸው ነው።

ይህ ሁሉ ማሽንና ሪኤጀንት ሲኖር ነው። በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት የደሴ ሆስፒታል መሣሪያዎች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል፤ ላብራቶሪ የሌለው ሐኪም የሚቀረው ዓይኑና ቴርሞሜትሩ ነው።

ወላጆች፣ ነርሷ በማግስቱ ደግማ ደም ልትወስድ ብትመጣ «ትናንት ተወስዶ የለም ወይ?» ብላችሁ አትከልክሉ። ሁለተኛው ውጤት ምን እንዳለ ግን ጠይቁ።