መስመር በማይደርስበት ሰፈር የባትሪ ኃይል የዕለት ሒሳብ

ከከተማ ርቀው ለምርምር የሚወጡ ተማሪዎች ስንቃቸውን ሲያሰናዱ እንጀራውን፣ ሽሮውንና ውሃውን በሰው ቍጥርና በቀን አካፍለው ይይዛሉ፤ ባትሪውን ግን «ሙሉ ነው» ብለው ብቻ ይጭኑታል። እኛም እንዲሁ አድርገን ስለ ነበር፣ የደረሰብንን ኪሣራና በኋላ ያገኘነውን አሠራር ወደ ቆላ ለሚወርዱ ጓደኞቻችን ለማስረዳት አስበናል።

የሄድንበት ምክንያት በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በስተሰሜን ከሚገኘው ፍል ውሃ ናሙና ቀድተን፣ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አቀዝቅዘን ወደ ላቦራቶሪ ለማድረስ ነው። በውጭ አገር ለእንዲህ ያለው ጕዞ መኝታና ማድ ቤት ያለው ተሽከርካሪ ቤት ይሠራል፤ የእኛ ግን የኋላ ወንበሮቹ ተነቅለው ጣውላ የተነጠፈበት ሚኒባስ ነበር። ከሞተሩ ባትሪ ሌላ፣ ባለ 12 ቮልትና ባለ 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስና የአሲድ ባትሪ፣ በጣራውም ላይ ባለ 100 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ ነበረን። በሁለተኛው ሌሊት ፍሪጁ ቆመ። ሲነጋ ጠርሙሶቹን ለብ ብለው አገኘናቸው፤ የሁለት ቀን ድካማችንም ከንቱ ሆነ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 12 ቮልት በ100 አምፔር ሰዓት ሲባዛ 1200 ዋት ሰዓት ይሆናል። ነገር ግን ይህ ዓይነቱ ባትሪ ዘወትር ከግማሽ በታች ከተራቆተ ቶሎ ስለሚያረጅ፣ በደኅና ሊወጣ የሚገባው 600 ያህል ብቻ ነው። ወደ ወጪው ስንመጣ፣ ፍሪጁ በሚሠራበት ጊዜ 45 ዋት ይወስዳል፤ በቆላው ሙቀት ከየሰዓቱ እኩሌታውን ይሠራ ስለ ነበር በ24 ሰዓት 540 ዋት ሰዓት በላ። ሁለቱ ላፕቶፖች ከነብክነቱ 115፣ አራት ስልኮች 60፣ ትንሿ መብራት 20 ወሰዱ። ያስገረመን ኢንቬርተሩ ነው። ይህ መሣሪያ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ቮልት የሚለውጥ ሲሆን፣ የእኛው ምንም ሳይሰካበት እንኳ 8 ዋት ይጠጣል፤ ቀንና ሌሊት ሳናጠፋው በመተዋችን 192 ዋት ሰዓት ለማንም ሳይጠቅም አለቀ። ድምሩ 927 ነው። ገቢውስ? የሙሉ ፀሐይን ጊዜ በቀን 5 ሰዓት ብናደርገውና ለሙቀት፣ ለአቧራና ለሽቦ ብክነት ከመቶ 30 ብንቀንስ፣ ከሰሌዳው 350 ዋት ሰዓት ይገኛል። እንግዲህ በየቀኑ 577፣ በሁለት ቀን 1154 ጐደለብን ማለት ነው፤ ባትሪው በሁለተኛው ሌሊት ማለቁ ምን ይደንቃል?

አንባቢ «ቮልት መለኪያ አልነበራችሁምን?» ይለን ይሆናል። ነበረን፤ ያሳሳተንም እርሱ ነው። በቀትር ስናየው 13.2 ስላሳየን ባትሪው የሞላ መስሎን ተደሰትን። ይህ ግን ሰሌዳው ኃይል እየገፋ በሚያስገባበት ሰዓት የሚታይ ቍጥር ነው እንጂ የባትሪው ይዞታ አይደለም። እውነተኛው መጠን የሚታወቀው ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ሰሌዳውን ሳትነካ፣ ፍሪጁን አጥፍቶ ባትሪውን አንድ ሰዓት ያህል በማሳረፍ ነው። ያን ጊዜ 12.7 ሙሉ፣ 12.2 ገደማ ግማሽ ነው። በአዲሱ የሊትየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ከመቶ 80 ያህል ማውጣት ይቻላል፤ ቮልቱ ግን እስኪያልቅ ድረስ እምብዛም ስለማይለወጥ በእርሱ ዘንድ ደብተሩ ይበልጥ ያስፈልጋል።

በሁለተኛው ጕዞ ኢንቬርተሩን ጨርሶ አልከፈትነውም፤ ላፕቶፖቹን በ12 ቮልት ቻርጀር ስንሞላ ወጪው ወደ 100 ወረደ። ከሰሌዳው በቀጥታ የሚወሰድ ኃይል በባትሪው ውስጥ አልፎ ስለማይባክን፣ ስልክም ሆነ ላፕቶፕ ከረፋዱ 3 ሰዓት እስከ ከቀኑ 9 ሰዓት ብቻ እንዲሰካ ደነገግን። ብዙ ያከራከረን የመኪናው ማቆሚያ ነበር፤ ጥላ ለፍሪጁ፣ ፀሐይ ለሰሌዳው ያስፈልጋልና። በመጨረሻ ሰሌዳውን ከጣራው ፈትተን በረጅም ሽቦ ሜዳ ላይ አሰጣነው፣ መኪናውን በዘንባባ ጥላ ሥር አቆምነው። ፍሪጁንም በብርድ ልብስ ጠቀለልነው (ከመካከላችን አንዱ በጎ ያደረገ መስሎት የአየር መውጫውን ጭምር ሸፍኖት ነበርና ይህ እንዳይደገም)። ከሁሉ ይልቅ የጠቀመው ግን የፍል ውሃውን ጠርሙስ ትኩሱን ወደ ፍሪጅ አለማስገባት ነው። አንድ ሊትር ውሃ በ20 ዲግሪ ለማብረድ 23 ዋት ሰዓት የሚያህል ሙቀት መውጣት ስላለበት፣ ይህን ሥራ በጥላ ሥር ለእርጥብ ጨርቅና ለነፋስ ተውነው።

በዚህ ዘዴ ፍሪጁ ከየሰዓቱ ሢሶውን ብቻ ስለ ሠራ 360 በላ። የዕለቱ ወጪ 540፣ ጕድለቱ 190፣ የሦስት ቀኑም 570 ሆነ። በአራተኛው ቀን ንጋት መለኪያው 12.2 አሳየን፤ ናሙናውም በ4 ዲግሪ እንዳለ ላቦራቶሪ ደረሰ። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ስልክ እንዳይሰካ ስለ መከልከላችን የተነሣው ጭቅጭቅ ግን አዲስ አበባ እስክንገባ ድረስ አላበቃም።